ማንሣት፣ ማስነሣት፣ መንሣት

በቋንቋችን ፎቶ ይነሣል። «እስቲ አንድ አንሣኝ» እንላለን። አሞራም ከተቀመጠበት ገደል ይነሣል፤ ድንጋይ ከወረወሩበት ደግሞ አስነሡት ይባላል። ለእነዚህ ለሁለቱ የሥጋ ዘመድ የሆነ ሦስተኛ ቃል አለ፤ መንሣት። «እንቅልፍ ነሣኝ»፣ «ሰላም ነሡት» የምንልበት ነው። በግእዙ ነሥአ ወሰደ፣ አንሥአ አስነሣ፣ ተንሥአ ተነሣ ማለት ነው፤ ሦስቱም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው። እኔ ይህን ዝምድና ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከስሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ ተማርሁት። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት (ይኸው ደግሞ አራተኛ ትርጉም!) ስለዚያ ትምህርት ነው።

ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም. ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ ያለው ቅዳሜ። ያኔ የምሠራበት ቅርንጫፍ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተን፣ አውቶቡስ ተከራይተን ከጎንደር ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጣን። መንገዱ እስከ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከበዓሉ የተረፈ ጨዋታና ዘፈን ከእኛ ጋር ተሳፍሮ ነበር። ከወንበሮቹ ጀርባ ደግሞ አንድ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ተጭኗል። እኔ ጭኔ ላይ ያስቀመጥሁት ሌላ ነበር። ሁለት ዓመት ቆጥቤ፣ ከሰው እጅ የገዛሁት ባለ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ። ባልደረቦቼ ግጥም እንደምሞካክር ስለሚያውቁ «ገጣሚው ዛሬ ደግሞ መድፍ ይዞ መጣ» እያሉ ሣቁብኝ። እኔም ሣቅሁ።

ደባርቅ ላይ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትኬታችንን ቆረጥን፤ አንድ ጠመንጃ ያነገቱ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ስካውት ተመደቡልን። በሳንቃበር በኩል አልፈን፣ በመንገድ ዳር ሣር የሚነጩትን ጭላዳዎች ቆመን አይተን፣ ወደ ጨነቅ ዘለቅን። ጨነቅ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የድንኳን ሰፈር ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ሲመለከቱ መሬት በድንገት ያልቅና ሌላ አገር እታች ይጀምራል። ጅብራው እንደ ዘበኛ ቆሟል፤ ጓሳው በንፋስ ይተኛል፣ ይነሣል።

ስሜንን አዳኝና ጥንብ አንሳ ወፎችን ፎቶ ለሚያነሣ ሰው ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። በሌላ ቦታ ወፍ ከላይ ነው፤ ፎቶ አንሺው ከታች ሆኖ ሆዱን ብቻ ያያል። በስሜን ግን አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ንስሩንና አሞራውን ከበላዩ ሆኖ ያያቸዋል፤ የክንፋቸውን ጀርባ፣ የላባቸውን ድርድር፣ በገደሉ ላይ የሚሮጠውን ጥላቸውን ጭምር። ከባድ አሞራዎች በብርዱ ማለዳ ክንፋቸውን እያማቱ አይደክሙም። ፀሐይ ድንጋዩን እስክታሞቅ፣ የሞቀው አየር ሽቅብ እስኪነሣ ይጠብቃሉ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ ገደሉ መተንፈስ ሲጀምር በትንፋሹ ላይ ተንሳፍፈው ብቅ ይላሉ። ያን ሰዓት ጠብቆ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ድንጋይ ተደግፎ ጸጥ ያለ ሰው ምንም መከተል አያስፈልገውም፤ እነሱ ራሳቸው ፊቱን ታክከው ያልፋሉ።

እኔ የፈለግሁት ከሁሉም አንዱን ነበር። ባላገሩ ብዙውን ጊዜ አሞራ ብሎ ከሌሎቹ ጋር ይደምረዋል፤ እኔ ከመንቁሩ ሥር ስለተንጠለጠሉት ጥቁር ላባዎች ባለ ጢሙ አሞራ እለዋለሁ። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ከ80 ሊደርስ ይችላል። ደረቱ የዛገ ብረት የሚመስል ቀይ ነው፤ ቀለሙ ግን የተፈጥሮው አይደለም፤ ብረት ባለበት ጭቃ ውስጥ እየተንከባለለ የሚቀባው ነው። ምግቡ ደግሞ ሌላው የተወው ነው። ንስሩም፣ ጅቡም፣ ሌላው ጥንብ አንሳም በልተው ሲጨርሱ የሚቀረው አጥንት የእሱ ድርሻ ነው። ትልቁን አጥንት በእግሩ ይዞ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ሰፊ አለት ላይ ይለቅቀዋል፤ ካልተሰበረ እንደገና ያነሣዋል። የተሰበረውን ሙሉውን ይውጣል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው አሲድ ቀሪውን ይጨርሳል። ብዙውን ጊዜ በምግብ ከሌሎች ጋር አይሻማም። እንዲህ ያለ ፍጥረት ለገጣሚ ዐመል ላለው ሰው ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይረዳልኛል።

ጎጆውን ያሳዩን ስካውቱ ናቸው። ከእኛ በታች፣ በማዶው ገደል፣ ዋሻ መሰል ስንጥቅ ውስጥ የእንጨትና የሱፍ ክምር ይታይ ነበር። በላዩም ቀይ ደረት። «ታቅፏል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናቲቱ ትሁን አባትየው አላውቅም፤ ሁለቱም ይታቀፋሉ። ከዚህ አትለፉ።»

እኔ ከዚያ አላለፍሁም። በሆዴ ተኛሁ፤ ሌንሴን አስተካከልሁ፤ ጠበቅሁ። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። አሞራው አንገቱን እንኳ አልነቀነቀም። በኋላዬ የድምፅ ማጉያው ተከፍቶ እስክስታ ተጀምሯል። ስካውቱ ሁለት ጊዜ ሄደው ለመኑ፤ ሁለት ጊዜ ቀነሱት፤ ሁለት ጊዜ መልሶ ጨመረ። ሦስት አራት ባልደረቦቼ መጥተው ከጎኔ ቆሙ። አንዱ፣ ቅን ሰው ነው፣ እጅግ ቅን ሰው ነው፣ «ገጣሚው፣ አልነሣልህ አለ አይደል? ቆይ እናስነሣልህ» አለኝ።

ከዚህ ላይ ማቆም በወደድሁ። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚህች ቅጽበት ነውና ማለፍ አልችልም። «ተው» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል፣ ሁለት ፊደል። አላልሁም። እንዲያውም ጣቴ ወደ ካሜራው አዝራር ሲሄድ ይታወቀኛል፤ የፍጥነቱን ቁጥር ለሚበር ወፍ በሚሆን መጠን ማስተካከሌም ትዝ ይለኛል። የመጀመሪያው ድንጋይ ከገደሉ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ተንኳኳ። ሁለተኛው ቀረበ። በሦስተኛው አሞራው ወደ ፊት አጎነበሰ፣ ክንፉን ፈታ፣ ከጎጆው ወደቀ፤ ወደቀ ያልሁት እንደዚያ ስለሚነሣ ነው፤ መጀመሪያ ይወድቃል፣ ከዚያ አየሩ ይቀበለዋል። በፀሐይና በጥላ መካከል፣ ጠቅላላ ክንፉን ዘርግቶ፣ ቀይ ዓይኑን ወደ እኔ አዙሮ አለፈ። በደቂቃ ውስጥ አርባ ያህል ጊዜ ተጫንሁ። ባልደረቦቼ አጨበጨቡ።

ስካውቱ እየሮጡ ደረሱ። አልተቆጡም። ብቻ ጎጆውን በጣታቸው አሳዩኝ። ሁለት ቁራዎች፣ እነዚያ መንቁራቸው የወፈረ፣ ማጅራታቸው ነጭ የሆነ የደጋ ቁራዎች፣ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ስንጥቁ አጠገብ አርፈዋል። «ልጄ፣ አንተ እንኳን አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብለህ ተኝተህ ነበር» አሉኝ። «ለካ የምትጠብቀው ይኸንን ነው?»

ከባድ ንግግር የሚባለው ይህ ነው። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

አሞራው ለረዥም ጊዜ በሰማይ ላይ ዞረ፤ እኛ ከአፋፉ እስክንርቅ ድረስ አልተመለሰም። ጎጆው ውስጥ እንቁላል ይኑር ጫጩት ከቆምንበት አይታይም ነበር። በዚያ ከፍታ ጥላ ውስጥ ያለው የጥር አየር ግን ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ጃኬታችንን እስከ አንገታችን ቆልፈን ነበርና።

ፎቶው አማረ። ከእኔ ፎቶዎች ሁሉ እንደዚያ ያማረ የለም። ሰዎች በየማኅበራዊ ገጹ ተቀባበሉት፤ በትልቁ ታትሞም የቅርንጫፋችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ደንበኞች ወረፋ እየጠበቁ «ይህን ማን አነሣው?» ይሉ ነበር። ማን አስነሣው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም።

በዓመቱ፣ በጥር 2012 ዓ.ም.፣ ብቻዬን ተመልሼ ሄድሁ። እኒያኑ ስካውት ጠይቄ አገኘኋቸው። ስንጥቁ ባዶ ነበር፤ ሱፉ በንፋስ ተበትኗል። እውነቱን ለመናገር ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ባለ ጢሙ አሞራ በግዛቱ ውስጥ ከአንድ በላይ ጎጆ እየያዘ ከዓመት ዓመት ሊቀያይር ይችላል። ስለዚህ «እኛ ነን ያባረርነው» ብዬ አልምልም። «እኛ አይደለንም» ብዬም መማል አልችልም። የበደል አንዱ ክፋቱ ይህ ነው፤ በደለኛው መጠኑን እንኳ እንዳያውቅ አድርጎ ይተወዋል።

አንባቢዬ «ስለ አንድ አሞራ ይህ ሁሉ?» ሊለኝ ይችላል። ስለ አንዱ ነውና የማወራው ስለ አንዱ ልቁጠር። ባለ ጢሙ አሞራ ቢበዛ ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ ለአቅመ መብረር የሚደርሰው ግን አንዱ ጫጩት ነው። ለመታቀፍ ሁለት ወር ገደማ፣ ጫጩቱ ከጎጆ እስኪወጣ ሌላ አራት ወር ገደማ ያስፈልጋል። ያም ጫጩት ራሱ ወላጅ ለመሆን ብዙ ዓመት ይጠብቃል። ዶሮ የጠፋበት ሰው በዓመቱ ሌላ ዶሮ ያገኛል። የዚህ ወፍ ሒሳብ እንዲያ አይደለም፤ አንድ ዓመት የከሸፈበት ጥንድ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም አላተረፈም ማለት ነው።

በእኛ ደጋ መራቢያቸው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ነው። አሁን ጎብኚ መቼ ወደ ስሜን እንደሚወጣ አስቡ። ክረምቱ ካለፈ፣ መንገዱ ከደረቀ፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፤ ከመስቀል ማግስት እስከ ፋሲካና ከዚያ ወዲህ። የእኛ የሽርሽር ወቅትና የእነሱ የመታቀፊያ ወቅት አንድ ነው። ይህን ማንም በተንኮል አልደረበውም፤ ነገር ግን ማንም አስቦ ለመለየት አልሞከረም።

አውሮፓውያን ይህንኑ ወፍ ከአልፕስ ተራሮች አጥፍተውት ነበር። ግልገል ይነጥቃል ብለው አሙት፤ በጠመንጃ አሳደዱት፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጨረሱት። ከዚያ ተጸጸቱ። በሰው እጅ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ተራራው መልቀቅ ጀመሩ። ከእነዚያ የመጀመሪያው ጫጩት በዱር እስኪፈለፈል ድረስ እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ጠበቁ። አሥራ አንድ ዓመት ለአንድ ጫጩት! እኛ በነጻ የተሰጠን፣ በአፍሪካ ውስጥ በብዛት የሚገኝበት ደጋ የእኛው ሆኖ ሳለ፣ በድንጋይ እናስነሣዋለን።

ሌሎቹ ጥንብ አንሳዎችማ ከዚህም የባሰ ጭንቅ ላይ ናቸው። በየቄራው ዙሪያ የምናያቸው፣ በገደሉ ላይ የሚያድሩት፣ በርካታ የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ፈጽሞ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ተርታ ተመዝግበዋል። መርዝ ዋናው ጠላታቸው ነው። ሕንድ ለከብት የሚሰጥ አንድ የሕመም ማስታገሻ አሞራዎቿን እንዳልነበሩ ካደረገባት በኋላ ነበር በ2006 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው፤ እስከዚያው ግን ሜዳ ላይ የቀረው ጥንብ ለውሻ መንጋ ሲሳይ ሆኗል። እኛ «ጥንብ አንሳ» የሚለውን ስም ለስድብ እንጠቀምበታለን። ሥራው ቢቋረጥ ግን ማን ያነሣዋል?

አሁን ወደ ሰዉ ልመለስ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር «ሥርዓት የለሽ ጎብኚዎች» በሚል ርእስ ልጽፈው አስቤ ነበር። ስለ ድምፅ ማጉያው፣ ጭላዳ ስለሚያባርሩ ልጆች፣ ጅብራው ሥር ስለሚጣለው የውኃ ፕላስቲክ፣ ብስኩት ወርውሮ ከጭላዳ ጋር ፎቶ ስለሚነሣው ሁሉ ልቆጣ ነበር። ቁጣዬ ልክ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ነውሮች ናቸው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች አፌን ያዙኝ።

አንደኛው የዚያው ዓመት እሳት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ሲቃጠሉ፣ ከውጭ አገር እርዳታ እስኪደርስ ድረስና ከደረሰም በኋላ፣ ከጎንደርና ከደባርቅ፣ ከየገጠሩም የተነሣው ሕዝብ ቅጠልና አፈር ይዞ ወደ ገደሉ ወጥቷል። ከወጡት መካከል ያ የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረው ባልደረባዬ ነበረበት። ሁለት ቀን ከሥራ ቀርቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ጫማው ቀልጦ ተመለሰ። እኔ ፍቅሬን በግጥም ስገልጽ የነበርሁት ሰውዬ ቢሮ ተቀምጬ ነበር። እንግዲህ ይህን ሰው ተፈጥሮን የማይወድ ብዬ ልክሰሰው? አይወድም አይባልም። አልተነገረውም ነው የሚባለው። ድንጋዩ የሚወድቀው በፍቅሩ ላይ መሆኑን የነገረው አልነበረም፤ ሊነግረው ይችል የነበረውም እኔ ነበርሁ።

ሁለተኛው የራሴ የፎቶ አንሺነት ነገር ነው። ጮሆ የሚጨፍረው ጎብኚ ከአፋፉ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ይጨፍራል። ፎቶ አንሺው ግን ይጠጋል። ጎጆ ፈልጎ የሚያገኘው እሱ ነው፤ ያገኘውን ቦታ በይፋ ጽፎ ሌላ መቶ ሰው የሚጠራው እሱ ነው፤ ሥጋ ጥሎ ንስር የሚያባብለው፣ ቅርንጫፍ ቆርጦ «እይታ» የሚያጸዳው እሱ ነው። ዝምታው አክብሮት ይመስላል። ስካውቱ እንዳሉት ግን ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው፤ የአምላኪ ዝምታ አለ፣ የአዳኝ ዝምታ አለ። የእኔ የኋለኛው ነበር። ከጨፋሪዎቹ የምለየው በሥርዓቴ ሳይሆን በሌንሴ ርዝመት ነበር።

«ከፍለን ነው የገባነው» የሚል ክርክር በየፓርኩ እሰማለሁ። በዚህ ላይ ከሙያዬ የምናገረው አለኝ። ባንክ ውስጥ በየቀኑ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ። በእጄ ይገባል፣ በእጄ ይወጣል፤ አንዷም ብር የእኔ አይደለችም። ማታ ሒሳብ ስዘጋ የጎደለ ካለ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ይህ አደራ ይባላል። ትኬትም እንደዚሁ ነው። የከፈልነው ለማየት እንጂ ለመውሰድ አይደለም፤ የገዛነው በሩን እንጂ ገደሉን አይደለም። የስሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ከአደጋ መዝገብ ውስጥ ሲገቡ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዚያ መዝገብ ሲወጡ፣ የተመዘገበው ነገር የማንኛችንም የግል ሒሳብ አልነበረም። እኛ ገንዘብ ቆጣሪዎች ነን። ማታ ሲዘጋ ጎደለ ወይስ ሞላ? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው።

«ሰው በተቸገረበት አገር ስለ ወፍ ማልቀስ ቅንጦት ነው» የሚልም አለ። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። ነገር ግን ድንጋይ የወረወርነው እኛ የተቸገርን አልነበርንም። ደመወዝተኞች ነበርን፤ ሽርሽር ላይ ነበርን። የተቸገረው ባላገር ከዚያ አሞራ ጋር ለዘመናት በአንድ ሸንተረር ኖሯል፤ የከብቱን አጥንት ለእሱ ትቶለታል። የስካውቱም፣ የአስጎብኚውም፣ በቅሎ የሚያከራየውም እንጀራ ያለው በዚያ ክንፍ ላይ ነው። ስለ ወፉ ማሰብ ሰውን መርሳት ከሆነ፣ ወፉን ማስነሣት ሰውን ማሰብ ይሆን?

እንግዲህ ምን ይደረግ? ታላቅ ዕቅድ የለኝም፤ ጥቂት ትንንሽ ነገሮች አሉኝ።

ትኬት በሚቆረጥበት ቦታ አምስት ደቂቃ ይሰጠን። አንድ ሰው ቆሞ በአማርኛ፣ በሚገባን ቋንቋ፣ «ከጥቅምት እስከ ግንቦት በገደሉ ውስጥ የሚታቀፉ አሉ» ይበለን። የድምፅ ማጉያ ከአውቶቡስ አይውረድ። ጎጆ በሚገኝባቸው አፋፎች በእነዚያ ወራት የጸጥታ ክልል ይኑር። ስካውቱ የሚለምን ሳይሆን የሚያዝ ይሁን፤ ጠመንጃ አንግቶ ጎብኚ የሚለማመጥ ሽማግሌ ማየት ለእኛም ክብር አይደለም።

ለእኛ ለፎቶ አንሺዎች ደግሞ ሕጉ ከዚህ ይጥበቅ። ወፉ ሥራውን አቁሞ ወደ አንተ ካየ፣ ቀርበሃል ማለት ነው፤ ተመለስ። አንገቱን አቅንቶ ወይም ወደ ፊት አጎንብሶ ላባውን ከሰበሰበ ሊነሣ ነው፤ ቶሎ ተመለስ። ጎጆ ያለበትን ቦታ በአደባባይ አትጻፍ። ከፎቶህ ሥር የሌንስህን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ፎቶው እንዴት እንደተገኘም ጻፍ። ይህን ለመጻፍ የምታፍርበት ፎቶ ከሆነ ደግሞ ለማሳየትም እፈርበት።

ይህ ጸጥታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በተተከለበት ጫካ ሁሉ ወፍ ይበረክታል። ማንም ፖሊስ ቆሞ አይደለም፤ ሰው ደጀ ሰላሙ ሲደርስ ድምፁን ስለሚቀንስ፣ ቅጠል ስለማይቆርጥ፣ ሕፃኑን «ዝም በል» ስለሚል ነው። እንዴት ዝም እንደሚባል እናውቃለን። የሚቀረን ገደሉም ደጅ መሆኑን ማወቅ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው የደረሰው ጦርነትና አለመረጋጋት የጎብኚውን እግር አሳጥሮታል። ወገን በሚያልቅበት ምድር ስለ ሽርሽር መናገር ይከብዳል። ሰላም መጥቶ መንገዱ እንደ ቀድሞው እንዲሞላ እንደ ማንኛውም ሰው እመኛለሁ፤ ደባርቅ እንግዳዋን ናፍቃለች። ምኞቴ ላይ ግን አንድ ፍርሃት ተጣብቋል። ስንመለስ ምን ይዘን እንመለስ ይሆን? ሰላምን ይህን ያህል የተነሣን ሰዎች፣ ሰላም መንሣት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ማወቅ አይገባንም ነበር?

ያንን ፎቶ ከግድግዳው አወረድሁት። ከቅርንጫፉ ስዛወር ለመታሰቢያ ይቅር ብለውኝ ነበር፤ እምቢ ብዬ ወሰድሁት። አልቀደድሁትም፤ አልሰቀልሁትምም። ከመጻሕፍቴ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀምጬዋለሁ። አንዳንድ ማታ አውጥቼ አየዋለሁ። ሌላው ሰው ክንፉን ያይ ነበር። እኔ የማየው በፎቶው ጥግ፣ ከትኩረት ውጭ የሆነውን፣ የደበዘዘውን ባዶ ጎጆ ነው።

ድንጋይ ወረወሩ እንድትነሺ ብለው፣
እኔም ዝም አልኳቸው ክንፍሽን እንዳየው።
ፎቶ ላንሣ ብዬ ሰላምሽን ነሣሁ፣
ባዶ ጎጆሽንም በልቤ አነሣሁ።
እንግዲህ ስመለስ ከአፋፍሽ ስወጣ፣
ድምፄን ከታች ትቼ በዝምታ ልምጣ፤
ካልተነሣሽልኝም ቅሬታ የለኝም፣
ሰላምሽን ማየት ከፎቶ አያንሰኝም።